ሁለት ማርሚታ ለትንሿ ያሪስ

ሰኞ፣ ማርች 10

ከዛሬ ጀምሮ የማየውንና የምሰማውን በየቀኑ እጽፋለሁ። ኋላ "መቼ? የት? ማን አለ?" ሲሉኝ አፌን ይዤ እንዳልቀር።

ዓርብ ዕለት ወደ ጋራዡ ቢሮ ስገባ ሚስቴ ማርዮሌንና ወንድሟ ኖርማን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው ያወራሉ። ገና በሩን ስከፍተው ጸጥ። ኖርማን ያለ ምክንያት የወረቀት መብሻውን አነሣ። ማርዮሌን "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ" አለችና ወጣች። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የምን ሾርባ ነው?

ጋራዡ የኔና የኖርማን ነው፤ እኩል ለእኩል። ሃያ ስድስት ዓመት የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ስንቀይር፣ ቱቦ ስናጥፍ፣ ስንበይድ ኖረናል። በከተማችን በትሯ-ሪቪዬር ክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናውን ሆድ ይበላል፤ እኛ ደግሞ ከጨው የተረፈውን እንበላለን። ኖርማን ብሎን ይፈታል፣ ደንበኛ ያስቃል። ቤቱ የታወቀው ግን በኔ ጆሮ ነው። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚተነፍስ እናገራለሁ። ከኩቤክ ከተማ ድረስ "ሬዣን ጆሮ ዘንድ ሂድ" እየተባለ ይመጣል።

አሁን ግን ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጓል። እኔ ስጠጋ በተለይ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለኔ የሚዶለተውን መጨረሻ የምሰማው እኔ መሆኔ አይቀርም።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ሆኪ እያየን ማርዮሌን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው። ጨመርኩት። ቀነሰችው። "ጎረቤት አለ እኮ" አለች። ጎረቤት ሠላሳ ዓመት ነበረ። ዛሬ ነው የታያት?

ማክሰኞ፣ ማርች 18

ዛሬ አንዲት ሴት መጣች። ኖኤሚ ትባላለች። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው አለች። ያመጣቻት መኪና ቀይ ያሪስ ናት፤ የገበያ ዘንቢል ታክላለች። የምትፈልገው ደግሞ ሁለት ማርሚታ! አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ።

"ለዚች?" አልኳት።

"ለዚች።"

"ልትወዳደሪባት ነው?"

ሳቀች። "አባቴ እንዲሰማው ነው፣ ሙስዬ ሬዣን። የሚጮኽ አይደለም የምፈልገው። ወፈር ያለ፣ ከታች የሚመጣ። ሕጉንም የማይጥስ።"

አባቴ እንዲሰማው። ይህቺን በደንብ ይዣታለሁ፤ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የተናገረችው። የማርሚታ ድምፅ የሚሰማ አባት ምን ዓይነት አባት ነው? የድምፅ መለኪያውን ይዞ ከፖሊሶቹ ጋር መንገድ ዳር የሚቆም ካልሆነ በቀር? "ሕጉንም የማይጥስ" ማለቷስ? የኔን ሥራ ለመፈተን የተላከች አትመስልም? ለዚያውም ትንሽ ደብተር አውጥታ የምናገረውን ሁሉ በቀንና በሰዓት ትጽፋለች። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈልግ እኔ አውቃለሁ።

ኖርማን ግን ደስ ብሎታል። "ይቻላላ! ለዶሮ የሠርግ ጫማ ማለት ይሄ ነው!" ሁለቱም ሳቁ። ቀጥሎ አንድ ነገር ተባባሉ፤ አልያዝኩትም። እንደገና ሳቁ። እኔን እያዩ።

ሥራውን ተቀበልኩት። እምቢ ብል "ፈራ" ነው የሚባለው። በሕጉ ልክ ሠርቼ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ማርች 24

ያሪሷን ማንሻው ላይ ሰቀልናት። ከሥሯ ቆመህ ስታያት ለሁለት የሚሆን ቦታ የላትም። የተሠራችው በአንድ ቱቦና በአንድ ማርሚታ ነው፤ እሱም በቀኝ። በግራ በኩል የስኮርታው፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ሆዱን ዘርግቶ ተኝቷል።

ከሞተሩ እስከ ጭስ ማጣሪያው ያለውን አልነካም፤ ሕግ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ስደርስ ቱቦውን እንደ ሱሪ ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ እግር ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ለግራው እንዲመች የጉድጓዱን ጎን በመዶሻ መትቼ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ። ስኮርታ ጎማዋ ከመኪናዋ ትወጣለች፤ ኖኤሚ ተስማምታ ፈርማለች።

ኖርማን "ስንጨርስ በሳሙና ውሃ ብንፈትሸውስ?" አለኝ። "አየር እየነፋንበት። የሚተነፍስ ካለ አረፋ ያወጣል። አሁን ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው።"

"ሳሙና ለሰሐን ነው" አልኩት። "ጆሮ ያለው ሰው አረፋ አይጠብቅም።"

ቆሞ አየኝ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ምን ሊል ነበር? ለምንስ ተወው?

ቅዳሜ፣ ማርች 29

ዝይዎቹ ከደቡብ ተመለሱ። ከወንዙ በላይ ሦስት ትልልቅ መንጋ አየሁ። ሌላ ጊዜ ጩኸታቸው ከአልጋ ያስነሣል። ዘንድሮ ግን ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ዝም ብለው አለፉ። ማርዮሌን በረንዳው ላይ ሆና ወደ ሰማይ እያየች ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኳትም።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም ከገና ወዲህ ቆሟል። ሸጠውት ይሆናል። በዚህ ከተማ የማይሸጥ ነገር ጠፍቷል።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 2

ቸኩያለሁ። ሁለቱም ማርሚታ ተሰቅሏል። የግራው አስቸገረኝ፤ ጉድጓዱን ሦስቴ መታሁት። ጭንቅላቴ ላይ ዝገት ዘነበ። ሱሪውን በየድኩት፤ ከላይ ያለው ስፌት እጅ የሚያስገባ አይደለም፣ በግምት ነው የሄድኩበት። ነገ አስነሣዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3

ዛሬ ከምሳ በኋላ ኖርማን "ጥርሴን ልታይ" ብሎ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤት ደወልኩ፤ ማርዮሌንም የለችም። ሁለቱ፣ በአንድ ሰዓት። ጥርስ!

ኖኤሚ ስትመጣ ብቻዬን ነበርኩ። ሞተሩን አስነሣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ንጹሕ! አንዲት ትንፋሽ እንኳ የላትም። እንዲህ ለስላሳ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እጄን ጣሪያዋ ላይ ሳደርግ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። መለኪያውም ከሕጉ በታች ነው። አባቷ ሰምቶ ይሙት!

ልትሄድ ስትል ጎንበስ ብላ ወደ መኪናዋ ሥር እያየች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ፊቷ ወደዚያ ነበር። "አዎ፣ ይለመዳል" አልኳት። ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን መልስ ነው፤ ሰሞኑን ብዙ ጊዜ ይሠራልኛል።

ደብተሯ ላይ ጻፈች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 6

ቤተሰቡ በሙሉ ስኳር ጎጆ ሄድን፤ በየዓመቱ የሜፕል ዛፉ ሽሮፕ ሲፈላ እንደምናደርገው። መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የአተር ሾርባ፣ የአሳማ ሥጋ፣ በሽሮፕ የራሰ እንቁላል። አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ሌላው ማንኪያ ያንኳኳል። ሁሉም አፉን ይከፍታል፤ ከማንም አፍ ግን ቃል አይወጣም። ጩኸት ብቻ፣ እንደ እህል ወፍጮ።

የኖርማን ሚስት አንድ ነገር ነገረችኝ። ፈገግ አልኩ። ፈገግታዋ ጠፋ። ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ማርዮሌን በጆሮዬ "እናቷ ሆስፒታል ገብታ ነው እኮ!" አለችኝ።

ከእንግዲህ እነሱ ፊት ፈገግ አልልም። ሆን ብለው ነው። ሰው መሀል ሊያዋርዱኝ፣ "እየጃጀ ነው፣ ጋራዡን አይችለውም" ሊያሰኙኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ማርዮሌን መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛ ነበር። ጥፋተኛ ሰው እንደዚያ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9

ያዝኳቸው።

ከዕቃ መደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ማርዮሌን፦ "ኑሮው አልቆለታል። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው።" ኖርማን፦ "ማን ይንገረው? እኔ ብነግረው በመዶሻ ነው የሚለኝ።" ቀጥሎ የእሷ፦ "ማክሰኞ ሃያ ሁለት ቀጠሮ ይዣለሁ … ቁጭ አድርገው ያፈርሙታል።"

ቃል በቃል ጻፍኩት። ኑሮው አልቆለታል። ያፈርሙታል።

የውል ጸሐፊ ዘንድ ሊወስዱኝ ነው። ጋራዡን ሊሸጡት። ገዢው ማን እንደሆነም ይገባኛል፤ ከከተማው ዳር ያለው ትልቁ የማርሚታ ሱቅ ስንት ዓመት ሲጎመጅ! ያቺን ልጅስ ማን ላካት?

ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የተኛች ሴት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ኖኤሚ ደወለች። ስልኩ ይቆራረጣል፤ የዛሬ ስልክ ሁሉ ገለባ ነው። ግን ዋናውን ይዤዋለሁ፦ "አባቴ ራሱ ያውቃል።" ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። "ከኋላ" የሚልም ሰምቻለሁ። ከኋላው ሰው አለ ማለት ነው።

"ምን እንደሚያውቅ እሱ ይምጣና ይንገረኝ!" አልኳት። "ሥራዬ በሕግ ነው። ምንም አታገኙብኝም!" ዘጋሁባት።

 ኖርማን "ማን ነው?" አለኝ። "ጥርስ ሐኪምህ" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማርዮሌን ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆመች። "ና፣ ለአንድ ሰዓት ነው። መኪና ውስጥ እነግርሃለሁ።"

"የትም አልሄድም። የምትወስጂኝን አውቃለሁ።"

ፊቷ በርቶ፣ "ታውቃለህ? ታዲያ ደስ አይልም?" አለች።

ደስ አይልም! ያላልኩት የለም። ወንድሟን ሌባ፣ እሷን ከዳተኛ፣ እናታቸውን … የሞተችውን። ማርዮሌን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ካፖርቷን ሳታወልቅ አለቀሰች።

"ለምንድን ነው የማትሰማኝ?" አለች።

"ሁሉንም ሰምቻለሁ!" አልኳት።

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ወይም ተናግራ ይሆናል፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ኖኤሚ። ያሪሷን ሌላ መኪና ጎትቶ አመጣት።

አባቷ ትናንት ከመኪና ሲወርድ ወድቋል። ሆስፒታል ነው። ደሙን ሲመረምሩት ጭስ። ያ ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ። የእሷም ደም ውስጥ አለ፤ ትንሽ።

ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የተናገረችው፣ እየጮኸች። ሁሉንም ሰማሁ።

"መኪናውን የወሰድኩ ቀን ጠይቄዎታለሁ! 'ከሥር ትክ ትክ ይላል፣ ጤነኛ ነው?' ብዬ። ምን አሉኝ? 'አዎ፣ ይለመዳል!' ይኸው ጽፌዋለሁ! ደወልኩልዎት! 'አባቴን ራሱን ያመዋል፣ ከኋላ ሲቀመጥ አባቴን ራሱን ያመዋል' እያልኩ! 'ምንም አታገኙብኝም' ብለው ዘጉብኝ! ሰው ነዎት እርስዎ?"

ኖርማን መሀላችን ገባ። 

ይህንን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ነክቶት መሆን አለበት። ከሰጠኋት በኋላ። ንጹሕ ነበረ፤ አዳምጬዋለሁ። የከተማው ዳር ሱቅ ሰዎች ወይ … ማን ፈታው?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ማንም አልፈታውም።

ኖርማን መኪናዋን ሰቅሎ አስነሣት። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቆየ። "ይኸው" አለ፣ በጣቱ ወደ ሱሪው መገንጠያ እያሳየ። "ትክ ትክ ትክ። እንደ ሰዓት እኮ ነው።"

ተጠጋሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ፊቴን ሙቀቱ እስኪለበልበኝ። ሞተሩ አለ። ሌላ ምንም የለም።

"አሁንም?" አለኝ ኖርማን።

"አሁንም ምን?"

 ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ባትሪውን አበራልኝ። ያ በግምት የበየድኩት የላይኛው ስፌት ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋ ጥላሸት ለብሷል። በላይዋ ደግሞ በመዶሻ የመታሁት የጉድጓዱ ጎን ተሰንጥቋል፤ የውሃ ማፍሰሻው የጎማ ውታፍም ወድቋል። ጭሱ ከዚህ ወጥቶ በዚያ ይገባል፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ወንበር። የኔ ብየዳ ነው። የኔ መዶሻ። የእጅ ጽሑፌን እንደማውቅ አውቀዋለሁ።

ሳሙና ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ አረፋውን ያሳየኝ ነበር።

ይለመዳል አልኳት። ይለመዳል።

ዓርብ፣ ሜይ 2

ሆስፒታል ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ።

የኖኤሚ አባት ሊዮፖልድ ይባላል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ እጁ እንደ አካፋ። ዳሌው በቅርቡ ተቀይሮለት እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ስላለበት ነው ልጁ ከኋላ የምታስቀምጠው። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ አንድ ሰዓት ወንዙን ይዛ ታዞረዋለች። ከቤት የሚወጣባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት።

ተቆጣጣሪ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ፋብሪካ፣ ማሽኑ አጠገብ ነው የሠራው። ከሁለቱም ጆሮው ጀርባ የማዳመጫ መሣሪያ ተለጥፏል።

"ማርሚታውን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሙስዬ ሊዮፖልድ።"

"አውቃለሁ" አለ። ድምፁ ትልቅ ነው። "ግሩም ማርሚታ ነው። ከመግደሉ በቀር።"

ልስቅ ወይስ ላለቅስ አላወቅኩም። እሱ ግን ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው።

"ለምን ሁለት እንዳስገጠምናት ነገረችህ? ይሄ" አለ መሣሪያውን እየነካ፣ "የሰው ንግግር ያመጣልኛል፤ የሞተር ድምፅ ሲሆን ግን ቆርቆሮ ነው። በወጣትነቴ ሙዚቃ አላውቅም ነበር፤ ሞተር ነበር ሙዚቃዬ። ልጄ 'በጀርባህ ይሰማሃል' አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንበሩን አልፎ አከርካሪዬ ውስጥ ይገባል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። "አንተስ? ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

ጋዜጣውን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ቆየ። ከዚያ አወረደው።

"ምን አልኩህ?"

"ምንም አላሉም።"

"ሦስት ጊዜ ስምህን ጠራሁህ።"

አልጋው አጠገብ ያለው ሌላ በሽተኛ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እንግዳ ሰው ነው፤ ከማንም ጋር ሊዶልት አይችልም። እሱን እንኳ ለአፍታ ጠረጠርኩት፤ ይህንን ካልጻፍኩት ማስታወሻው ዋጋ የለውም።

"እኔም ዓለም ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ማውራት የጀመረ መስሎኝ ነበር" አለ ሊዮፖልድ። "ሚስቴን አምስት ዓመት ሙሉ ጠረጠርኳት። የምታማኝ መስሎኝ። ምስኪኗ 'እራት ቀርቧል' ነበር የምትለኝ። ሳልነግራት ሞተች። አንተ ሚስት አለችህ?"

"አለችኝ።"

"እንግዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ማርዮሌን ድንች ትልጥ ነበር። ደብተሩን አመጣሁና ኤፕሪል ዘጠኝ የጻፍኩትን አነበብኩላት። ሌላ የምጀምርበት አልነበረኝም።

ቢላዋውን አስቀመጠች። "ኑሮው አልቆለታል? ማን ነው ያለው?"

"አንቺ።"

"ጆሮው! ጆሮው አልቆለታል ነው ያልኩት፣ አንተ ሰው! ይፈትሹታል ነው ያልኩት! የጆሮ ሐኪም ነው የያዝኩልህ!" ከዚያ ሳቅ ያዛት። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። ኖርማን "ጥርሴን ልታይ" ያለኝ ቀን የጆሮ ሐኪሟን ሊያናግርላት አብሯት ነበር የሄደው። ዝይዎቹም እኮ፣ አለች፣ ዘንድሮ በጩኸት ጣሪያውን ሊነቅሉት ነበር።

"ለምን በቀጥታ አልነገራችሁኝም?"

"ነግሬሃለሁ። ስንት ጊዜ! 'አዎ፣ ይለመዳል' ትለኛለህ።"

የሞተች እናቷን የሰደብኩትን አላነሣችም። እኔ ነኝ ያነሣሁት። "እሱን ገና አልረሳሁትም" አለች። ልትረሳውም አይገባም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ የምርመራውን መስመር እያሳየች አስረዳችኝ፤ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ከጠፋ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም አለች። ፉጨት፣ ወፍ፣ ትክትክታ። ወፍራሙ ብቻ ነው የቀረኝ። የማርሚታው ጉርምርምታ "ንጹሕ" የመሰለኝ ለዚህ ነው። የማዳመጫ መሣሪያው ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ሁለት ሦስት ዓመት!

ኖርማንን ጠራሁት። የሥራ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። "በጆሮዬ ብቻ ፈትሼ የሰጠኋቸውን ሁሉ እናውጣ። ከነስልካቸው።"

"ሬዣን፣ ብዙ ናቸው እኮ።"

"ብዙ ከሆኑ ቶሎ እንጀምር። አንተ ደውል፤ እኔ ስልክ አልሰማም።"

እኔ አልሰማም። በአፌ ስለው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ኖርማን ስልኩን ሲያነሣ ዓይኑን ከኔ አዞረ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

እየመጡ ነው። በቀን አራት፣ አምስት። ኖርማን ከኋላ አየር ይነፋል፤ እኔ በብሩሽ ሳሙናውን እቀባለሁ፣ ዓይኔን አፍጥጬ። አንዳንዱ ደንበኛ "ሬዣን ጆሮ በሳሙና?" እያለ ይስቃል። "ጆሮው አርፏል" እለዋለሁ።

እስከ ዛሬ ሠላሳ ሰባት ፈትሸናል። ሦስቱ ላይ አረፋ ወጣ። አንደኛዋ የሁለት ሕፃናት እናት መኪና ናት፤ ወንበሮቻቸው ከኋላ ታስረዋል፣ አንዱ ላይ የተበላ ብስኩት አለ። ማርዮሌን ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። መብላት አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ሜይ 28

መሣሪያው መጣ። ሁሉም ነገር ይንጫጫል። ወረቀት ሲገለበጥ እንደ እሳት ይንጣጣል። ማርዮሌን አጠገቤ ተቀምጣ በሹክሹክታ ታወራኛለች፣ ልትፈትነኝ። ሁሉንም አልያዝኩም። ግማሹን ያህል።

ዓርብ፣ ሜይ 30

የያሪሷን ሥራ ከሥሩ አፍርሼ ነው የሠራሁት። አዲስ ሱሪ፣ አዲስ ስፌት። ጉድጓዱን ቆርጬ በወፍራም ላሜራ ዘጋሁት። እኔ በሳሙና፣ ኖርማን በጆሮው፣ ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስደን ለማያውቁን ሰዎች አሳየናት። ሦስቱም ንጹሕ አሉ።

ኖኤሚ መጣች። ሰላምታ የለም። ደብተሯን ይዛለች።

"መኪናሽን የወሰድሽ ቀን የጠየቅሽኝን አልሰማሁም ነበር" አልኳት። "የሰማሁ አስመሰልኩ። ስልኩንም አልሰማሁም። ደንቁሬ ነበር፤ መደንቆሬን ደግሞ ሰው ከሚያውቅብኝ …" ደብተሯን አሳየኋት። "ያንን ጻፊው።"

ጻፈችው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። መሣሪያው የአየር መጭመቂያውን ጩኸት እንጂ የእሷን ቃል አላመጣልኝም።

"አልሰማሁም" አልኳት። "ድገሚልኝ።"

ዞረች። ፊቴን አየች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል፦ "አባቴን ከኋላ ላስቀምጠው ወይ?"

"መጀመሪያ እኔ ልቀመጥ" አልኳት።

የጭስ መርዝ የሚያነበውን መለኪያ ከቢሮ አመጣሁ፤ ኖርማን ባለፈው ሳምንት የገዛው ነው። ከኋላ ገባሁ። እግሬን እንደ ሊዮፖልድ ወንበሩ ላይ ዘረጋሁ፣ መለኪያውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። አስነሥታ ወጣች። ወንዙን ይዘን እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ አሮጌው ወደብ።  እሷ በመስታወቱ መለኪያውን ታያለች፤ እኔ የእሷን ዓይን አያለሁ። ዜሮ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዜሮ።

ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ ቀበቶዬን ፈታሁ። ኖርማን ከውስጥ እጁን እየጠረገ ወጣ።

ኖኤሚ ሞተሩን አላጠፋችም። ዘወር ብላ፣ አፏን እንዳየው ፊቷን ወደኔ አድርጋ፣ "አንድ ዙር አይበቃኝም" አለች። "አባቴ በየቀኑ ነው የሚቀመጥባት።"

አላመነችኝም። ምን ብላ ታመነኛለች?

"እሺ" አልኩና ቀበቶዬን መልሼ አሰርኩ።